የእማዬ ጥግ

ዛሬ ከመሀል መንገድ ለተሳፈራችሁ አንባቢዎቼ ጥቂት ነገር ልንገርና እንቀጥል። ዕድላዊት እባላለሁ። ያን ጊዜ ቡራዩ ላይ፣ በአምቦ መንገድ ዳር የብረታ ብረት ሱቅ የነበረው የአቶ ተድላ አንዲት ልጅ ነበርኩ። ልቤ ግን የኢተፋ ነበር። ኢተፋ ከሱቃችን ዝቅ ብሎ ባለው የከማል ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው፤ ወላጆቹ ከገፈርሳ ግድብ ጀርባ ያርሳሉ። እኛ ከጎጃም የመጣን ነጋዴዎች፣ እነሱ የአገሩ ገበሬዎች። በደጉ ቀን ይህ ልዩነት ለሠርግ ቤት ጨዋታ ማድመቂያ ይሆን ነበር። በ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ግን እንኳን ለጨዋታ ለሰላምታም ከበደ።

ፍቅራችን የጀመረው በቮልስ ነው፤ አትሳቁ። አባዬ ሰማያዊ ቮልስ ነበረችው። እሱና እማዬ ሲሞሸሩ የተሳፈሩባት፣ እኔ ስወለድ ከሆስፒታል ያመጣችኝ። ሰው መኪና ሲቀይር አባዬ ቀለሟን ብቻ ያድስላታል፤ ያውም በዚያው ሰማያዊ። እንደምታውቁት የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። ከኋላ ወንበር በተቀመጠች ልጅና ሞተር ላይ ባጎነበሰ መካኒክ መሀል ያለችው ያቺ ትንሽ የኋላ መስኮት ብቻ ናት። መጀመሪያ እጁን አየሁ፣ ቀጥሎ ዓይኑን። ከዚያ ቀን ወዲያ መኪናችን ጤና አጣች። «አባዬ፣ የሆነ ነገር ይንኳኳል» እላለሁ። «አባዬ፣ ቤንዚን ቤንዚን አልሸተተህም?» እላለሁ። «ይቺ መኪና ካንቺ ጋር ብቻ ነው የምታወራው» እያለ ጋራዥ ይወስዳታል። እኔም ከኋላ ወንበር ሳልወርድ በዚያች መስኮት ኢተፋን ሳይ እውላለሁ።

እውነተኛ ችግሯ ሌላ ነበር። የሙቀቷ ካቦ፣ ማለትም የሽቦ ገመዷ፣ ተበጥሷል። ከእጅ ፍሬኑ አጠገብ ትንሽ እጀታ አለች፤ እሷ ስትሳብ ካቦው ከኋላ የሞተሩን ሙቅ አየር ይከፍታል፣ አየሩም ወደ ውስጥ ገብቶ እግር ያሞቃል፣ የፊት መስታወቱንም ከጉም ያጸዳል። የእኛዋ እጀታ ብትሳብም ብትለቀቅም የሚሰማት አልነበረም። ስለዚህ በብርድ ወራት መስታወቱን መጥረግ የእማዬ ሥራ ነበር። ነፍሷን ይማርና፣ እማዬ ሮማነወርቅ ከአባዬ ጎን ተቀምጣ በጨርቅ ጥርግ ጥርግ ታደርገውና በመጨረሻ በጣቷ ጫፍ ጥጉ ላይ መስቀል ትሠራበታለች። «በል እንግዲህ ንዳ» ትለዋለች። ከሞተች ወዲህ አባዬ በወንበሯ ላይ ሰው አያስቀምጥም፤ የሱቅ ዕቃ ይጭንበታል እንጂ።

አንድ ክረምት ላይ ኢተፋ፣ «ጋሼ፣ የሙቀቱን ካቦ ልቀይርልዎት?» ቢለው፣ «ተወው፣ ቮልስ ብርድ ይወዳል» አለው። ኢተፋም ክርክር ሳያበዛ አባዬ ቆሞ እያየው መኪናዋን አጥቦ ወልውሎ አስረከበው። አባዬ መሪው ጋ ተቀምጦ የፊት መስታወቱን ብዙ ጊዜ ሲያይ ትዝ ይለኛል። ያኔ እንከን እየፈለገበት መስሎኝ ነበር።

*

ኅዳር ሲገባ ኢተፋ ሽማግሌ ላከ። አጎቱ ኦቦ ኡርጌሳ ከሰበታ ድረስ መጡልን። አባዬ ከደጅ ወጥቶ ተቀበላቸው፣ አክብሮም አስተናገዳቸው። መልሱ ግን «አገሩ ይርጋ፣ ያኔ እንነጋገራለን» ሆነ። እሺም አይደለም፣ እምቢም አይደለም። ወጉ ስለሆነ ሽማግሌዎቹ ተመልሰን እንመጣለን ብለው ተሰናበቱ።

አገሩ ግን አልረጋም። የማስተር ፕላኑ ነገር ፈነዳ። አዲስ አበባ እነ ሰበታን፣ እነ ቡራዩን፣ እነ ሱሉልታን ይዛ ልትሰፋ ነው ተባለ። የኢተፋ አባት እርሻ ላይ ካስማ ተተክሎ ነበር። «ካርታው ላይ ባዶ ቦታ ነው አሉን» አለኝ ኢተፋ አንድ ቀን፤ «አባቴ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ተወልዶ ነው ያረጀው።» ተማሪዎች ወጡ፣ መንገድ በድንጋይ ተዘጋ፣ ሰው ሞተ፣ ሰው ታሰረ። ሱቆች ግማሽ በር ብቻ መክፈት ጀመሩ። አባዬ አፋን ኦሮሞ ሲናገር የጎጃም ለዛው አይለቀውም፤ ቢሆንም ስንት ዓመት ሙሉ በሱቁ ደጅ ያለፈውን ሁሉ «ኮቱ፣ ሴኒ!»፣ ና ግባ፣ እያለ ሲያስገባ የኖረ ሰው ነው። ያን ሰሞን ማለቱን ተወ። ማንም ክፉ አልተናገረውም። እሱ የሚገባውን ሰው ዓይን ዓይኑን ማየት ጀመረ፣ የሚገባውም ሰው የእሱን። እኔ በሁለቱ መሀል ነበርኩ።

የመኪናም ነገር ተለወጠ። በተዘጋ መንገድ ማለፍ የፈለገ ሹፌር ሁሉ ከመኪናው ፊት ቅጠል ወይም ሣር ያስራል። «ከእናንተ ጋር ነኝ፣ አሳልፉኝ» ማለት ነው። ያላሰረ ይመለሳል።

አንድ ሐሙስ ማለዳ በራችን ተንኳኳ። ቀስ ብሎ ነው ያንኳኳው፤ አባዬ ግን እጁን አፌ ላይ ጫነብኝ። የልቡ ምት በጀርባዬ ይሰማኛል። ደግሞ ተንኳኳ፤ ዝም አልን። ከዚያ ኮቴው ራቀ። ጎህ ሲቀድ ወጥተን ብናይ፣ ከሱቁ በረንዳ ሥር በቆመችው ቮልስ ዝናብ መጥረጊያ ላይ አንድ እፍኝ ለምለም ሣር በቀጭን ሽቦ ታስሯል።

አባዬ ሽቦውን በጣቱ ዳሰሰው። «እኔ የሸጥኩት ሽቦ ነው» አለ። «ደንበኛዬ ነው ምልክት ያደረገብኝ።»

«ለመንገድ ብሎ ይሆናላ አባዬ፤ ሰው ሁሉ እያሰረ አይደል?»

«ለመንገድ የሚያስረው ባለመኪናው ነው። በሰው መኪና ላይ አስሮ የሚሄድ ምን ማለቱ ነው? ቤቱ ይሄ ነው ማለቱ ነው ልጄ።»

እኔ ግን አስተሳሰሩን ዐወቅሁት። እጅ እንዳይወጋ ብሎ የሽቦ ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፎ የሚደብቅ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ደሜ ፈላ። ኢተፋ እኛን እንደ መንገደኛ ቆጠረን? በገዛ ሰፈራችን «አሳልፉኝ» እያልን እንድንኖር? ልጠይቀው ብል ስልኩ በዚያ ሰሞን አንዴ ከሠራ ሦስቴ ይጠፋል። ለአባዬ «የኢተፋ እጅ ነው» ብለውስ? የቀረችውን ቀዳዳ በገዛ እጄ መድፈን መሰለኝና ዋጥኩት።

አባዬ በዚያው ቀን ወሰነ። «ሱሉልታ አክስትሽ ያለምወርቅ ጋ እናድርና የጎጃምን መንገድ እንይዛለን። ሱቁን የሚገዛ አይጠፋም።»

«ኢተፋስ?» ብዬ አልጠየቅሁትም። ዓይኔ ጠይቆት ኖሮ አንገቱን ደፋ። «ልጅ የሚድር ሰው የቆመበት መሬት ሊኖረው ይገባል፤ እኔ አሁን የት ቆሜያለሁ?» አለኝ። ያን ቀን ሻንጣዬን ሳዘጋጅ የማጥፈው ልብስ ሳይሆን ዕድሜዬ መሰለኝ።

*

በማግስቱ ሲነጋጋ ተነሳን። የኋላው ወንበር በፍራሽና በሻንጣ ስለሞላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በእማዬ ወንበር ተቀመጥኩ። አባዬ ሣሩን ሊፈታ እጁን ሰደደና ተወው። «ያሰሩት ያሳልፈን» አለ በምሬት።

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጥቂት እንደሄድን ትንፋሻችን መስታወቱን አለበሰው። ጨርቅ አንስቼ መጥረግ ጀመርኩ። የአባዬን በኩል ጠረግሁ፣ መሀሉን ጠረግሁ፣ ወደ እኔ በኩል ወዳለው የላይኛው ጥግ እጄን ስዘረጋ፣

«ያቺን ተያት!»

ጮኸብኝ። ጨርቁ ከእጄ ወደቀ። ጥጓን ቀና ብዬ አየኋት። በጉሙ ውስጥ አንዲት ትንሽ መስቀል አለች። ዛሬ የተሠራች አይደለችም፤ የጣት ወዝ ናት፤ ጉም ሲሸፍናት ብቻ ትታያለች። የእማዬ ጣት ነበር። መጨረሻ ጊዜ አብራው በወጣችበት ጠዋት የሠራቻት።

አባዬ ወደ እኔ አልዞረም። ካቦውን ለምን እንደማያሠራው ያኔ ገባኝ። ሙቀት ካለ ጉም የለም፤ ጉም ከሌለ እሷ የለችም። ለካ አባቴ በየታኅሣሡ በብርድ ሲንቀጠቀጥ የኖረው ሚስቱን ለማየት ኖሯል! እኔ ደግሞ ግትር ነው እያልኩ አማሁት። እንባዬ ግጥም አለ፤ በዚህ መሀል መስታወቱ ተመልሶ ተጋረደ።

«አባዬ፣ ድንጋይ!»

ፍሬኑን ረገጠ። መንገዱ ላይ ተደርድሮ ያደረ ድንጋይ ነበር፤ ቮልሷ ልትነካው ጥቂት ሲቀራት ቆመች። በእኔ በኩል ባለው መስኮት ስመለከት የቆምነው ከማል ጋራዥ ደጃፍ ነው። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል፣ መንገዱም ሰፍቷል፤ እኔ ግን ባለፍኩ ቁጥር ያንን የዛገ የቆርቆሮ በር ነው የማየው። በሩ ተከፈተና ሰሞኑን እዚያው የሚያድረው ኢተፋ ጋቢውን እንደለበሰ ብቅ አለ።

«አካም ቡልተን ጋሼ» አለ ጎንበስ ብሎ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለው አባዬ ባጭሩ፣ በአማርኛ።

ኢተፋ ፍራሹን አየ። ሻንጣውን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ያን አስተያየት ዛሬ ድረስ በምን ቃል እንደምጽፈው አላውቅም። ድንጋዩን እያነሳ ወደ ዳር አደረገልንና ወደ አባዬ መስኮት መጣ።

«ጋሼ፣ በዚህ መስታወት እንጦጦን አይወጡም። ጉሙ እዚያ ይብሳል። ካቦውን ልቀይርልዎት። ከመርካቶ ካመጣሁት ቆይቷል፤ አንድ ቀን እሺ ይሉኛል ብዬ ነው።»

አባዬ ጥጓን አየ። ከዚያ እኔን አየ፤ ብዙ ጊዜ። «ልጅ ይዤያለሁ» አለ ለራሱ። «እሺ፣ ቀይረው።»

ኢተፋ መፍቻ ሊያመጣ ሲገባ ተከትዬው ገባሁ። «እኔን የሚወስደኝን መኪና ልትጠግን ነው?» አልኩት፤ ድምፄ ተቆራረጠ። «አንድ ብሎን ጠፋ በል! አልተገኘም በል!»

«ዕድልዬ፣ ሳታዩ ከምትሄዱ እያያችሁ ብትሄዱ ይሻለኛል።»

«መቼ ጠላኸን ታዲያ? ምልክት ያሰርክብን ለምንድን ነው?»

ካቦው ከእጁ ሊወድቅ ነበር። «የምን ምልክት?»

«ሣሩን! አባዬ ቤቱን ጥሎ የሚሄደው በዚያ ሣር ነው!»

ፊቱ አመድ መሰለ። አፉን ሲከፍት አባዬ ከውጭ ተጣራ። ኢተፋ ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል ወደ ኋላው እየተራመደ ወጣ። ጠልቼው እንደሆነ ልቤን ጠየቅሁት፤ እምቢ አለኝ።

*

ኢተፋ የኋላዋን በክሪክ አነሳና ከሥሯ ገባ። አሮጌውን ካቦ ከሞተሩ በኩል ፈታው፤ አባዬ ከውስጥ ስቦ አወጣው። አዲሱ የሚገባው ከእጀታዋ በኩል ነው። አንድ ሰው ከውስጥ ቀስ እያለ ይልከዋል፣ ሌላው ከታች ይቀበለዋል። እኔ ልይዝ ስል አባዬ ቀደመኝ።

«ግራሶ ቀብቼዋለሁ። ይላኩት ጋሼ» አለ ኢተፋ ከሥር።

አባዬ ገፋ። ካቦው መሀል መንገድ ላይ እምቢ አለ። አባዬ ጥርሱን ነክሶ ጨመረበት።

«ቀስ ጋሼ! በንዴት ከገፉት ይታጠፋል።»

አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፤ አይተያዩም። ፊት ለፊት ቢቆሙ ኖሮ የተነጋገሩትን የሚነጋገሩ አይመስለኝም።

«ጋሼ» አለ ኢተፋ። «ሣሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

የአባዬ እጅ ካቦው ላይ ደረቀ። «አንተ?»

«ምልክት አይደለም ጋሼ። ዕድላዊት አሁን ስትነግረኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልመና ነው። በእኛ የሚለምን ሰው ለምለም ሣር ይዞ ይመጣል። ሣር የያዘን ሰው አይቆጡትም፣ ባዶ እጁንም አይሸኙትም። አጎቴ ኡርጌሳ ሽማግሌዎቹን ይዞ ሊመለስ ነበር፤ ከሰበታ የሚያመጣው መንገድ ተዘጋበት። ‹እስኪከፈት እንጠብቅ› አለኝ። እኔ መጠበቅ አቃተኝና ብቻዬን መጣሁ።»

«ታዲያ በሬን አታንኳኳም ነበር?»

«አንኳኩቼ ነበር።» ድምፁ ዝቅ አለ። «በዚህ ሰሞን በማለዳ ለሚያንኳኳ ማን ይከፍታል? ሣሩን መሬት ላይ ከምጥለው ብዬ መኪናዎ ላይ አሰርኩት። ለልመና ብቻ ነበር የታየኝ። ሰው ለመንገድ እንደሚያስረው ረሳሁት።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የእኔው ቸኳይ ግን የሚለቅመውም አላስተረፈ! ልስቅም ላለቅስም ቃጣኝ። ያ ቀስ ያለ ማንኳኳት ትዝ አለኝ። እኛ እስትንፋሳችንን ውጠን በፍርሃት ስንቆም፣ ከበሩ ወዲያ ደግሞ እሱ ሣሩን ታቅፎ በፍርሃት ቆሞ ነበር።

አባዬ በካቦው ጫፍ ላይ ያለውን ግራሶ በእጁ ጠረገ። ከዚያ ጭራሽ ያልጠበቅሁትን ጠየቀ።

«ያን ክረምት መኪናዬን ስትወለውል መስታወቱን ሁሉ አጽድተህ ያቺን ጥግ ብቻ ለምን ተውካት?»

«እጄን ወደዚያ ስሰድ ፊትዎን አየሁት ጋሼ» አለ ኢተፋ ከሥር። «ምን እንደሆነ አላወቅሁም። የሚሳሱለት ነገር መሆኑ ግን ገባኝ።»

አባዬ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ፤ ግራሶው ጉንጩ ላይ ቀረ። ከዚያ ካቦውን ያዘና ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ እያለ ይልከው ጀመር። አሁን እምቢ አላለም።

«መጣ ጋሼ! ያዝኩት!»

*

ኢተፋ ብሎኑን አጥብቆ ከሥር ወጣና መኪናዋን ከክሪኩ አወረዳት፤ እኔም ወደ እማዬ ወንበር ተመለስኩ። አባዬ ሞተሩን አስነስቶ ትንሽ ጋዝ ሰጣትና እጀታዋን ሳባት። መጀመሪያ የመጣው የአቧራና የዘይት ሽታ ነው። ቀጥሎ እግሬ ሥር ሞቀኝ። ብዙ ሳይቆይ ጉሙ ከመስታወቱ ግርጌ መሸሽ ጀመረ። ጋራዡ ታየ፣ አስፋልቱ ታየ፣ የባሕር ዛፎቹ ግንድ ታየ። ጥራቱ ወደ ላይ፣ ወደ ጥጓ ይወጣል።

የአባዬ እጅ ወደ እጀታዋ ተመለሰ። ሊዘጋው ነው ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። ጣቶቹ እጀታዋን ጨብጠው ቆዩና ለቀቋት። ሙቀቱ ጥጓ ጋ ደረሰ። የመስቀሏ አንድ ክንድ ጠፋ፣ ቀጥሎ ሌላው። እማዬ ሄደች።

የአባዬ ትከሻ ሲወርድ አየሁ። የቀብሯ ዕለት እንዲህ ነበር የወረደው።

መስቀሏ ስትጠፋ ከውጭ ያየው ኢተፋ በእኔ በኩል ያለውን በር ከፍቶ አጎነበሰ። «ጋሼ» አለ በለሆሳስ። «አልጠፋችም። ቢተነፍሱባት ትመለሳለች።»

አባዬ በእኔ ላይ ተሻግሮ አንገቱን ወደ ጥጓ አስጠጋና፣ ብርድ ላይ እጁን እንደሚያሞቅ ሰው፣ «ሃ...» ብሎ ተነፈሰባት።

መስቀሏ መጣች።

ደግሞ ጠፋች። ደግሞ ተነፈሰ፤ ደግሞ መጣች። አባዬ ሳቀ። እማዬ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አልሰማሁትም ነበር፤ እየሳቀም እንባው በግራሶው ላይ ይወርዳል። «እኔ ሞኝ!» አለ። «ብርዱ ነው እሷን የያዘልኝ ብዬ!»

ከመኪናው ወረደና ወደ ፊት ሄደ። የሣሩን ሽቦ ፈታ። አልጣለውም። ይዞ ተመለሰና ዳሽቦርዱ ላይ፣ ከጥጓ ትይዩ በጥንቃቄ አስቀመጠው። ኢተፋ ሣሩን ሲያይ ከንፈሩን ነከሰ። ሣሩ ጠውልጎ ነበር፤ ለእኔ ግን ከዚያ የበለጠ ለምለም ነገር እስከ ዛሬ አላየሁም።

«አንቺ ወደ ኋላ ሂጂ» አለኝ አባዬ።

«የት? ፍራሹ ላይ?»

«ምን ይጎድልብሻል? ለቤታችን ቅርብ ነው።»

ቤታችን አለ። ሱሉልታ አላለም፣ ጎጃም አላለም። ፍራሹ ላይ ወጥቼ ተኮራመትኩ፤ እንደ ድሮዬ ከኋላ፣ ያቺን ትንሽ መስኮት ተደግፌ። የእማዬ ወንበር ባዶውን ቀረ።

ኢተፋ እጁ በግራሶ እንደጠቆረ፣ ጋቢው ከትከሻው እንደተንሸራተተ፣ በተከፈተው በር ፊት በብርዱ ቆሟል። ይግባ አይግባ ያወቀ አይመስልም። አባዬ መሪውን ይዞ ወደ ፊት እያየ፣ የሱቁን ግማሽ በር ከዘጋ ወዲህ ከአፉ ያልወጣውን ነገር በዚያው በጎጃም ለዛው አለው።

«ኮቱ፣ ሴኒ። በሩንም ዝጋው ልጄ፣ ሙቀቱ እየወጣ ነው።»